ጎማ ማስተንፈስ ክልክል ነው

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ዘይት ለካሁ። ውሃ ሞላሁ። ቺንጊያው ላልቷል፤ አጠበቅሁት። ጎማዎቹን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አዳመጥኩ። ደህና ናቸው። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት። ከእኔ በፊት ይቺን ላንድሮቨር የሚነዳትን ሰው ለጥያቄ ብለው ደሴ ወሰዱት። ይኸው አልተመለሰም። ካፖርቱ እስካሁን ከወንበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አልነካውም።

ማስታወሻዬ፣ ለሰው የማልለውን ላንቺ ልበል፦ መኪናዋን እወዳታለሁ። በዚህ ሁሉ ረሃብ መሃል መኪና መውደድ ነውር ነው፤ ግን እወዳታለሁ። ጅዳ ሳለሁ ሳምንቱን ሙሉ ሲሚንቶ አመላልስና ዓርብ ሲደርስ ወደ በረሃ። የመኒው ሷሊህ፣ አንድ ሱዳናዊና እኔ። አሮጌ ፒክአፕ፣ አሸዋ፣ ጩኸት። ማን ክምሩን ይወጣል፣ ማን ይቀበራል። የተቀበረው ምሳ ይጋብዛል። ያኔ መቀበር የሚያስቅ ነገር ነበር።

እናቴን ረሃቡ እንዳይወስድብኝ ብዬ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ዐረብ አገር ነድቷል ሲባል ሰምተው የእርዳታ ኮሚቴዎቹ ይቺን መኪና ሰጡኝ። ሲሰጡኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል

ከወረኢሉ ገባን። ጭነቱ የሕፃናት ምግብ ፋፋና የዱቄት ወተት፣ ለመ/ሰላም መጠለያ። አጃቢዬ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ኮሚቴው ነው የመደባቸው። ምንሽር ይዘዋል። ከአፋቸው ቃል አይወጣም።

መንገዱ የሚያቋርጠውን ወንዝ ጎርፍ አሸዋ ሞልቶታል። ታደሰ የሚባል የእህል መኪና ሾፌር መሃሉ ላይ ተቀብሮ ይቆፍራል፣ ቅርንጫፍ ያነጥፋል። የኛ አገር ዘዴ ይኸው ነው። እኔ ወረድኩና አራቱንም ጎማ አስተነፈስኩ። ሷሊህ ያስተማረኝ ነው፤ ጎማ ሲለሰልስ ይሰፋል፣ አሸዋው አይውጠውም። ገና እስስስ ሲል ጋሽ ሰይድ ምንሽሩን አዙረውብኛል። ምን አባህ እያረግህ ነው አሉኝ። ተንተባትቤ አስረዳሁ። የገባቸው አይመስለኝም።

በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳልነካ። ወጣች! ወላሂ ለአፍታ ረሃቡንም ፍርሃቱንም ረሳሁት። ሳልፍ ታደሰ አካፋውን ተደግፎ አፉን ከፍቶ ያየኝ ነበር። ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ነዳሁና መታጠፊያውን አልፌ በእግር ፓምፕ መልሼ ነፋሁ። ላቤ ጠብ ጠብ እስኪል። ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ቆመው ያዩኛል።

ሰኔ 8፣ እሑድ

መጥፎ ወሬ። ታደሰ እንደኔ አስተንፍሶ ወጥቷል። ከዚያ ግን ሳይነፋ ዳገቱን ተያያዘው። ያ ሁሉ ኩንታል፣ ያ ሁሉ ሹል ድንጋይ። የኋላ ጎማዎቹ ተተለተሉ፣ ውስጣቸው ያለው ካላመዳሪ ተበጣጠሰ። መለዋወጫ የለም። መኪናው ዳገቱ ላይ ቆሟል።

ስነፋ አላየኝማ! መታጠፊያውን አልፌ ነበራ። ወርጄ፣ ስትወጣ መልሰህ ንፋ ብለው ምን ነበረበት? ሷሊህ ለእኔ ሁለቱንም ነው ያሳየኝ። እኔ ግማሹን አሳይቼ ሄድኩ።

መጠለያ በር ላይ እህሉን የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ኮሚቴው ጠራኝ። ጓድ ሊ/መንበሩ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ አንተ እያለ ነው ያናገረኝ። ሁለት መኪና በአንድ ሳምንት ጎማ አስተነፈሰ፤ ይሄ አሻጥር ካልሆነ ምንድን ነው አለ። ከዐረብ አገር ማን ላከህ አለ። ዓርብ ዓርብ በረሃ ለጨዋታ እንወጣ ነበር ብል ማን ያምነኛል? አንዱ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ጋሽ ሰይድን ጠየቋቸው። አስተነፈሰ፣ ተሻገረ፣ መልሶ ነፋ አሉ። አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ሊ/መንበሩ የመጨረሻዋን አልጻፋትም።

ተወሰነ። ጎማ ማስተንፈስ ክልክል ነው። ረቡዕ ከወረኢሉ ፋፋ አምጣ፤ አንድ ጎማ ብታስተነፍስ ወይ ጭነቱ መንገድ ላይ ቢቀር ተጠያቂው አንተ ነህ። ተጠያቂ ማለት ደሴ ማለት ነው። ካፖርቱ ትዝ አለኝ።

እናቴ ሰማች። አብሽር ልጄ አለችኝ፤ ቀጥላ ደግሞ ዛሬውኑ ዓባይን ተሻግረህ ጎጃም ግባ፣ ለኔ አላህ አለልኝ። በአንድ አፏ።

ሰኔ 10

መጠለያው ያለው ፋፋ እስከ ሐሙስ ቢያደርስ ነው አለች ነርሷ። የምሄድበትን አልጠየቀችኝም፤ የምመለስበትን ቀን እንጂ። ጎጃምን ትቼ ነገ ማታ አልኳት።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት

ወንዙ ጋ ቆመናል። ጠዋት ባዶዋን ስለነበረች አለፈች። አሁን ጭነት አለባት፣ አሸዋውም ካለፈው ሐሙስ የባሰ ነው። ላይ አገር ጠቁሯል። ይዘንባል። ውሃው እየደፈረሰ ነው፤ ጎርፉ ሩቅ አይደለም።

በጠንካራ ጎማ ከገባሁ መሃሉ ላይ እቀበራለሁ። ከዚያ ጎርፍ። መኪናዋም ፋፋውም ይሄዳል፣ እኔም ደሴ። ባስተነፍስ አልፋለሁ፤ እኔ ግን ያው ደሴ። ብጠብቅ ወንዙ ስንት ቀን እንደሚዘጋ ማን ያውቃል። ነርሷ ሐሙስ ብላለች። ሐሙስ ነገ ነው።

ለጋሽ ሰይድ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማዶ ስንደርስ እዚያው ዳሩ ላይ እነፋለሁ አልኳቸው፣ ጭቃም ቢሆን። ትእዛዝዎ ምንድን ነው አልኩ።

ትእዛዙን ታውቀዋለህ አሉኝ። ቀጥለው፦ "እኔ ያየሁትን ነው የምናገር።"

ማስፈራሪያ ይሁን አይዞህ፣ አላውቅም። ፊታቸው አይነበብም። ምንሽሩ ጭናቸው ላይ ነው። ፓምፑን ግን ከኋላ አንስተው እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል።

ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ቅድም ውሃው መሃል የሚታየው ድንጋይ አሁን የለም።

በቃ። ያዩ። የሚያዩትን ይናገሩ። ልወርድ ነው። መጀመሪያ የፊት ግራውን አስተነፍሳለሁ፣ ከዚያ ሦስቱን።