ዜሮ ነጥብ አምስት

ቡታጅራ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቤዛ ሽባባው
አሶሳ

ልጄ ሆይ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የአሶሳው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ትምህርት ቤት ተከፍቷልና ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ከገና ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። አንቺም አልደወልሽ፣ እኔም አልደወልሁ። ማን መቅደም ነበረበት ብዬ አልከራከርም። የምነግርሽን ነገር ግን በስልክ አልነግርሽም፤ ስልክ ላይ ሰው ቃሉን ያሳጥራል፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥም ደስ ይለዋል። ጽሕፈቴ ከመስመር ከወጣ ታግሠሽ አንብቢ።

ክረምቱ ዘንድሮ አልለቅ ብሎ ሰነበተ። የጓሮው አቮካዶ አንድ ቅርንጫፉ ወድቆ አጥሩን ሰበረውና ራሴ ጠገንሁት። ጎረቤቴ አበራ «ጋሼ፣ የሰፈሩ ልጆች ይሥሩልዎ እንጂ» ቢለኝ «ልጆቹ ምስማር ምቱ ሲባሉ ጣታቸውን ነው የሚመቱት» አልሁት። እኔም ጣቴን መታሁ፤ ይህን ግን አልነገርሁትም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ከውኃ ሥራዬ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለዋጨ ምንጭ የውኃ ማኅበር እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ዋጨ በእንሴኖ መንገድ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው። የምንጩ ውኃ በቱቦ ወደ ሁለት ሮቶ ይገባል። የሮቶው ጠባቂ ሃሊማ ጠዋትና ከሰዓት የክሎሪን ዱቄት በጥብጣ ትጨምርበታለች፤ ከዚያ ወደ ቦኖዎቹ ይወርዳል። የእኔ ሥራ በየጠዋቱ ሄዶ በውኃው ውስጥ በቂ ክሎሪን መቅረቱን መለካት ነው። በብልቃጥ ውኃ ቀድቼ አምስት ጠብታ መድኃኒት አደርግበታለሁ፤ ክሎሪን ካለው ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በደመቀ መጠን ክሎሪኑ በዛ ማለት ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የቀለም ካርድ ይመጣል፤ ብልቃጡን ከካርዱ አስጠግቶ ማመሳከር ነው ደንቡ። እኔ ካርዱን ከተውሁት ዓመታት አልፈዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁትን ቢጫ ከካርቶን ጋር አላስተያይም እል ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጥለውት የሄዱትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል ፈትቼ ነው ያነበብሁት። ዲፕሎማ ይዘው ከመጡት ስንቱን አርሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ለኩራት አይደለም፤ ጥፋቱ ከየት እንደ ጀመረ እንድታውቂ ነው።

በነሐሴ አጋማሽ ጎርፍ የምንጩን አጥር ደርምሶ ገባ። ከላይ ካለው መንደር የከብቱም የሰውም ቆሻሻ ከጎርፉ ጋር ምንጩ አፍ ደረሰ። በዚያው ሰሞን የክሎሪኑ ዱቄት ግምጃ ቤት ውስጥ እርጥበት ገብቶበት ኃይሉን ጨርሶ ኖሯል። ሃሊማ እንደ ወትሮዋ ለክታ ትጨምራለች፤ የምትጨምረው ግን ከአመድ አይሻልም ነበር። ይህን ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ።

በየጠዋቱ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁ። ቢጫ ነበር። እምልልሻለሁ፣ ለእኔ ቢጫ ነበር። በመዝገቡ ላይ ዜሮ ነጥብ አምስት ብዬ ጻፍሁ፤ ደኅና ውኃ ማለት ነው። ሰው መታመም እስከ ጀመረበት ቀን ብቻ ይህንኑ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ጻፍሁት።

ሃሊማ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይሆናል። ከጤና ኤክስቴንሽኗ አዲሱን የመመርመሪያ እንክብል ተቀብላ ነበር፤ እሱ ክሎሪን ሲያገኝ ሮዝ ይሆናል። አንድ ጠዋት ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«ጋሼ ሽባባው፣ ይኸው ነጭ ነው፤ ምንም አልቀየረም» አለችኝ።

«እንክብሉ ጊዜው አልፎበታል» አልኋት።

«ወላሂ ትናንት ነው የሰጠችኝ! ቀኑስ እዚህ ላይ ተጽፎ የለ?»

«ሃሊማ፣ አንቺ ቁልፍሽን ያዢ። መለካቱን ለእኔ ተይው።»

«እሺ በቃ፤ እርስዎን ተከራክሮ ማን አሸንፎ ያውቃል? ከግድግዳ ጋር ማውራት ይሻላል፤ እሱ እንኳ አይቆጣም» ብላ ሣቀች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። በሦስተኛው አልሣቀችም።

በጳጉሜን ሰው መታመም ጀመረ። አተት ነው። ሸረፋን ታስታውሺዋለሽ፤ በርበሬ ነጋዴው፣ በልጅነትሽ በጋሪው ላይ አስቀምጦ እንሴኖ ገበያ ይወስድሽ የነበረው ወዳጄ። የልጁ ልጅ ባሂራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በጠዋት ጀመራት። ሸረፋ ደወለልኝና «ሽባባው፣ ውኃው እንዴት ነው? ይህቺ ልጅ አላማረችኝም» አለኝ። እኔ ለክቼ መመለሴ ነበር። «ውኃው ደኅና ነው፤ ደጋግማችሁ አጠጧት» አልሁት።

አጠጣት። ከሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ባጃጅ ውስጥ አረፈች።

ከእሷ በኋላ አራት ሰው ሞተ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጡት የዋጨ ልጆች የታሸገ ውኃ በእሽግ በእሽግ ጭነው መጡ፤ ቦኖው አጠገብ የሚቆም ሰው አልነበረም። ከክልል መጥተው ናሙና የወሰዱት ባለሙያዎች ውኃው ክሎሪን የሚባል ነገር የለበትም አሉ። እኔም መሣሪያችሁ ተበላሽቷል አልኋቸው።

በማግስቱ ሃሊማ ሮቶው ሥር ሁለት ብልቃጥ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። በሁለቱም የእኔን ጠብታ አድርጋበታለች።

«ይሄኛው ምንድን ነው ጋሼ?»

«ቢጫ።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም ቢጫ ነው። ምን ልትይ ነው?»

«የመጀመሪያው ከቆርቆሮው የቀዳሁት የዝናብ ውኃ ነው» አለች። «ምንም የለበትም። ሁለተኛው ከሮቶው ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ቢጫ የሚባል የለባቸውም።»

ሁለቱን ብልቃጦች አጥባ፣ በቀሚሷ ጠርዝ አድርቃ ሣጥኑ ውስጥ መለሰቻቸው። እኔ የለበስሁትን ሸሚዝ አየሁት። ነጭ መሆኑን አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ የገዛሁት። ቢጫ ነበር። ደመናውም እንዲሁ።

በገና ያልሽኝን አስታወስሁ። «አባዬ፣ ዓይንህን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀጠሮ አስይዤልሃለሁና እንሂድ» ነበር ያልሽኝ። እኔም ይህ ዓይን አንቺ ሳትወለጂ ውኃ ሲለካ የኖረ ነው፤ ካልጣመሽ በሩ ያውልሽ አልሁሽ። ቦርሳሽን አንሥተሽ ስትሄጂ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስሕተት ነው ልትይ ትችያለሽ። ቀጥሎ ያለው ግን ስሕተት አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ማኅበሩ ሕዝቡን ሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ከማሉ መዝገቡን ከፍቶ አነበበ፤ ዜሮ ነጥብ አምስት፣ ዜሮ ነጥብ አምስት እያለ እስከ መጨረሻው።

«ጠዋት ጠዋት ውኃው ደኅና ነበር» አለ። «ከሰዓት የሚሞላውን ማን ነው የሚያዘጋጀው? ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ሃሊማ ዞረ። አንዲት ሴት «ዱቄቱን ገበያ አውጥተሽ ሸጥሽው እንዴ?» ብላ ጮኸችባት። ሃሊማ መሬት መሬት ታያለች። ሁለቱን ብልቃጦች ልትነግራቸው ትችል ነበር፤ አልነገረችም። ሽማግሌ ነኝና እኔ ራሴ እስክናገር ትጠብቅ ነበር።

«ጋሼ፣ መዝገቡ ልክ ነው?» ሲል ከማሉ ጠየቀኝ።

ተነሣሁ። «ልክ ነው» አልሁ።

ልጄ፣ ይህን ስል እውነቱን አውቅ ነበር።

ሃሊማን እዚያው ከሥራ አስወጧት። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ቅረቢ ተብላ ወረቀት ደርሷታል። ሰው ሲበተን ሸረፋ ወደ እኔ መጣ። ከባሂራ ቀብር ወዲህ ከስቷል። እጄን በሁለት እጁ ያዘኝና «አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ፤ አንተ በየቀኑ ባትጽፍ ኖሮ ልጄን የገደላት ሰው ተደብቆ ይቀር ነበር» አለኝ። እጄን አልነጠቅሁትም። እሱ ባያመሰግነኝ ኖሮ ዝም እንዳልሁ እቀር ነበር ይሆናል። አባትሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይህንንም ጨምረሽ እወቂው።

ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤቱ ሄድሁ። በርበሬ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ጠርዙን ስረግጥበት «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ በል ሽባባው፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ። ቆሜ ነገርሁት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

«ሃሊማ ነግራህ ነበር?» አለ።

«ነግራኛለች።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ባሂራ ከመሞቷ በፊት?»

«ሦስቱም ከዚያ በፊት ነው።»

«እኔ ደውዬልህ አጠጣት አልኸኝ።»

«አዎ።»

ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ነበር። «በርበሬውን እንዳትረግጥ» ብቻ አለኝና እስከ በሩ ድረስ በክንዴ ይዞ መራኝ። ከኋላዬ የበሩን መቀርቀሪያ ሲያስገባው ሰማሁ። ከአርባ ዓመት ወዳጅነት የቀረኝ ድምፅ ያ ነው።

ከዚያ ወደ ሃሊማ ቤት ሄድሁ። እሷ አልወጣችም፤ እናቷ አደይ በሩ ላይ ቆመው «ይቅርታህን ለራስህ ያዘው፤ በጽሑፍ እንዳበላሸው በጽሑፍ ያስተካክለው ብላለች» አሉኝ። ትክክል ናት። ዛሬ ጠዋት ለፖሊስ የሚሰጠውን ጻፍሁ፤ ሁለት ገጽ ነው። የሃሊማን ሦስት ማስጠንቀቂያ ጽፌያለሁ፤ ሁለቱን ብልቃጦችና ማክሰኞ የዋሸሁትንም ጽፌያለሁ። ሰኞ ከእሷ ቀድሜ እገባለሁ። አበራ ጠበቃ ልፈልግልዎ አለኝ፤ ጠበቃው ምን ሊል? አልፈልግም አልሁት። ዓይኔንም ምክንያት አላደረግሁትም። ዓይኔ ባያይ ጆሮዬ ይሰማ ነበር።

ነይ ድረሺልኝ አልልሽም። ተማሪዎች አሉሽ፤ ጥለሻቸው አትውጪ። ብቻ የቀጠሮው ወረቀት ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ነው፤ አልቀደድሁትም።

የተመኘሽው ይሳካልሽ፤ የምታስተምሪያቸው ልጆች «ተሳስተሻል» ሲሉሽ የምትሰሚ ያድርግሽ፤ የምትጠጪውን ውኃ ይባርክልሽ። ድንገት መንገድ ካገኘሽና ከመጣሽ፣ ቤት ስታጪኝ ፖሊስ ጣቢያ ጠይቂ። ስታገኚኝም ያየኛል ብለሽ ራቅ ብለሽ አትቁሚ፤ ቅረቢና ስሜን ጥሪ።

አባትሽ
ሽባባው እንግዳ