ማማሰያሽ እኔ ጋ ነው

ውድ ነኢማ፣

ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። ልጁ ጡት እንደያዘ ተኝቷል፤ በአንድ እጄ ስለሆነ ጽሕፈቴ ካላማረ ታገሺኝ።

ሐኪሙ ችግሩ ካንቺ ሳይሆን ከባልሽ ከኑሕ መሆኑን ሲነግርሽ አጠገብሽ ነበርኩ። ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል በታክሲ ስንመለስ፣ «መካኗ እኔ ነኝ ብዬ አወራለሁ፤ እሱ አይችለውም» አልሽኝ። እኔም የሶሲዮሎጂ ሰው አይደለሁ? ሴቶች የባላቸውን መካንነት እንዴት እንደሚሸከሙ ላጥና ብዬ ተነሳሁ። አንቺም «ጻፊው፤ ኑሕ ብቻ እንዳይታወቅ» ብለሽ ፈቀድሽልኝ።

ስምሽን ቀየርኩ፣ የኑሕንም ሥራ ቀየርኩ። በጥንቃቄዬ እኮራ ነበር። ከዚያ ስለ ጥናቱ እንዳወራ ሬዲዮ ጣቢያ ጋበዙኝና ወሬው ሞቅ ሲለኝ፣ «በሰፈሩ አራስ ቤት ሁሉ እየተጠራች ገንፎ የምትገነፋው ደግሞ እሷው ናት» ብዬ አረፍኩት። እኛ ሰፈር ለገንፎ ካንቺ ሌላ ማን ይጠራል? ኑሕ ሱቁ ውስጥ ከደንበኞቹ ጋር ሆኖ ነው የሰማው አሉ። ዘግቶ ቤቱ ገባ፤ እስካሁን አልከፈተም።

እንዲህ አድርጌሽ፣ ስወልድ ትቀሪያለሽ ብዬ ነበር። ማማሰያሽን ይዘሽ መጣሽ። እኔ ቀና ብዬ ላይሽ አልቻልኩም።

ፍርጥ ያደረገችው ሃፊዛ ናት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በተቀመጠበት። «የሬዲዮዋ ሴት አንቺ ነሽ አሉ። ለካስ ኑሕ ኖሯል?»

«ኧረ ተዪ ሃፊዛ» አልሻት ገንፎውን እያቀረብሽ። «ኑሕ ምንም የለበትም፤ መካኗ እኔው ነኝ። ሀዊ ናት የተሳሳተችው። አይደል ሀውዬ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከእኔ የሚጠበቀው አዎ ማለት ብቻ ነበር። የማዕረግ እድገቴ ግን የተመሠረተው በዚያ ጥናት ላይ ነው፤ ተሳስቻለሁ ብዬ እንዴት ላውራ አልኩ በልቤ። አራስ ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች መች የዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ ሆኑ! ልጁን የማባብል መስዬ አጎነበስኩ። ሃፊዛ ከንፈሯን መጠጠች፤ የተጠራጠረው ሁሉ እርግጠኛ ሆነ። አንቺ ሳህኑን ሰጥተሽኝ «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» አልሽኝ። ቅቤውን ጠርጌ በላሁት፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

እሁድ ክርስትናው ነው። እነዚያው ሴቶች ይመጣሉ። ሃፊዛን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ «ነኢማ ያለችው ልክ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። ሴት የባሏን ሸክም አትሸከም እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት እኔ፣ በገዛ አፌ መልሼ ላሸክምሽ ነው። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ አንቺም የለመንሽኝ ይህንኑ ነው።

ማማሰያሽ እኔ ጋ ቀርቷል። አጥቤ ልመልስልሽ ደጅሽ ድረስ መጥቼ ነበር። የኑሕን ጫማ በሩ ላይ ሳይ ተመለስኩ። እሁድ ቃሌን ከተናገርኩ በኋላ አመጣዋለሁ። ኑሕ ራሱ ቢከፍትልኝም አልመለስም።

ያዋረደችሽ ጎረቤትሽ፣
ሀዊ