ስንዱ የሰረዘችው ፋይል

ወረታ፣ ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬ ተማሪዎቼ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) እንዲሠሩ ብዬ፣ ያለንን አንድ የመጫኛ ፋይል ከእኔ ኮምፒውተር በኔትወርክ አጋራኋቸው። ማንበብ ብቻ መፍቀድ ሲገባኝ ቸኩዬ ማጥፋትም ፈቀድሁ። ስንዱ የራሷን ቅጂ የሰረዘች መስሏት የእኔን ሰረዘችው። በኔትወርክ የተሰረዘ አይመለስም፤ ኢንተርኔቱም ከተቋረጠ ሰነበተ።

«መምህር፣ የራሴ መስሎኝ ነው» አለች።

ከኋላ አንዱ፣ «የሸክላ ሠሪ ልጅ ዓይን ያረፈበት መች ይበረክታል!» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ዝም ስል በስድቡ ያመንሁ መሰለ። ስንዱ ደብተሯን አንስታ ወጣች።

ደጋግሜ ደወልሁላት፤ አታነሳም። የተግባር ፈተናው ሐሙስ ነው። ፋይሉን ከባሕር ዳር ጓደኛዬ በፍላሽ ይልክልኛል። እሷን ግን በምን አፌ ተመለሺ ልበላት?