ኑሩ ሳንቲሙን ሰወረው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ወንድሜ ኑሩ በሞተር አደጋ ቀኝ እጁ ከሰነፈ ወዲህ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ማንሳት አቅቶት ነበር። ሐኪሙ ጣቶችህን አለማምዳቸው ቢለው፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ሳንቲም መሰወር መማር ጀመረ። ሳንቲሙ ሲወድቅበት እየሰማሁ እኔ ተስፋ ቆረጥኩ፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ያነሳና እንደገና ይጀምራል።

ዛሬ አዘዞ ባለው ሱቃችን ውስጥ፣ እናታችን እያየች፣ ሳንቲሙን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አሻገረ። ግራውን ሲከፍተው ባዶ ነው።

«ቢስሚላህ! ምነው ልጄ፣ ጥንቆላ ተማርህ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ እማ፣ ይኸው እዚህ ነው» ብሎ ቀኙን ዘረጋላት። ሳንቲሙን በዚያ በሰነፈው እጁ ይዞታል!

እማ ሳንቲሙን ልብ አላለችውም። ጣቶቹን እያሻሸች አለቀሰች። ደንበኛ ስኳር ሲጠይቀኝ እንኳ ዓይኔን ከኑሩ ጣቶች አልነቀልኩም። ይህን ሁሉ ትዕግስት ከየት አመጣው?