ቦርደዴ ሳትደርስ የምትሞተው ፒክአፕ

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ደግሞ መጣች። የጫት ነጋዴዋ የአዴ ሐሊማ ነጭ ፒክአፕ። ምንም እንዳልነካት ሁሉ በራሷ ሞተር። በሽተኛ ሐኪም ፊት ሲደርስ ይሻለው የለ።

የጫት መኪና ናት። ከጭሮ ጭና ትወርዳለች፣ ሚኤሶን በሰላም ታልፋለች፣ ቦርደዴ ልትደርስ ስትል ድርግም። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ትቆምና ከዚያ ራሷ ትነሳለች። ጫት ግን ግማሽ ሰዓት አይጠብቅም። ይጠወልጋል፣ ገዢው ፊቱን ያዞራል።

ሹፌሩ ከድር ነው። ድሮ ጫት አሳሪ ነበር፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመቱ። «ጋሽ ሙሜ፣ እንዲህ አለች፤ ጋሽ ሙሜ፣ እንዲያ አለች» ይለኛል ስለ መኪናዋ፣ እጁን እያወናጨፈ። አፉን ዘግቶ ጎማ እንዲያጥብ ነገርኩት። አጠበ። ቤንዚን ሞልቶ ሲመለስም የታንከሩን ክዳን እንደ ጫት እስር እየጠፈረ ቆየብኝ። ጮህኩበት። እሺ ጋሼ አለ። እሺ ባይ ሰው ያስጠላኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኮይሉን፣ ለካንዴላ እሳት የሚልከውን፣ ቀየርኩ። ሲሞቅ የሚሞት ነገር ኮይል ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ። አልሳሳትም።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 10

ሞተች። እዚያው ቦታ።

አ.ሐ. ደወለች (ስሟን ሙሉውን አልጽፍም፣ እስክሪብቶ ታስጨርሳለች)። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝኩት። እስክትጨርስ ሁለት ካንዴላ አጸዳሁ።

መጋቢት 6፣ ዓርብ፣ ማታ 12

መጥፎ ቀን። ቆይ፣ አይደለም። መጥፎ የሆነው ለከድር ነው።

ትናንት ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተር ፈታሁ፣ አዲስ የነዳጅ ፓምፕ አሰርኩ። ከተማ ውስጥ ሦስት ዙር ነዳኋት። እንደ ፈረስ። ዛሬ ቆላ ወረደች፣ ሞተች።

አ.ሐ. ራሷ መጣች። ጋራዤ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ እያዩ። «አቦ ሙሜ፣ መኪናዬን እያከምካት ነው ወይስ እየገነዝካት?» ሳቁ። እኔ ያሳደግኳቸው ልጆች፣ ባጃጃቸውን በነጻ የምጠግንላቸው ልጆች፣ ሳቁ።

ጆሮዬ ጋለ። አፌ ቀደመኝ። ሹፌርሽን ጠይቂው አልኳት። ቤንዚኑን እየቀዳ ይሸጣል፣ በቦታው ነጭ ጋዝ ይሞላል፣ መኪናዋ ለምን አትሞት? ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከድር ዋላሂ እያለ እጆቹን ዘረጋ። እጁን አሽትቺው አልኩ። አሸተተችው። ቤንዚን ይሸታል። ሁልጊዜ ይሸታል፣ እኔም አስተውያለሁ። ቁልፉን እዚያው ተቀበለችው።

ስሙ ጠፋ፣ በቃ። በጭሮ ሌባ ለተባለ ሹፌር ማን መኪና ይሰጣል?

አውቃለሁ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ግን ሳቁ ከእኔ ወደ እሱ ሲዞር ደስ አለኝ። ደብተሬ፣ አንተን አልዋሽህም። ደስ አለኝ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3

አዲሱ ሹፌር የአ.ሐ. የእህት ልጅ ነው። በመጀመሪያ ቀኑ መኪናዋ ሞተችበት። እዚያው። ከድር አስቀድሞ አበላሽቷት ነው አልኩ። አመነችኝ። ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ የነገሩትን ሁሉ ያምናል።

የከድር የኒካ ሰርግ በዚህ ወር ነበር። የልጅቱ አባት ለሌባ ልጅ የለኝም ብለዋል አሉ። ማን ነገረኝ? ሁሉም። ሻይ ቤቱ የሚያወራው ሌላ ወሬ የለውም።

ማስነሻ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ደህና ናቸው። ምን ሆነሽ ነው አንቺ ከይሲ?

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9

ከድር መጣ። ይሰድበኛል ብዬ መፍቻ ይዤ ነበር። አልሰደበኝም። ለአዴ አንድ ቃል ይንገሩልኝ ብሎ ለመነኝ። በአላህ ማለ።

እጄ የሚሸተው እኮ በእርስዎ ትእዛዝ ነው አለ። «ዋላሂ ጋሽ ሙሜ፣ ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ፌስታሉን እንዳሉኝ ነው የማስረው። አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

የትኛውን ፌስታል ልለው ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ከወር በፊት ሚኤሶ ላይ የታንከሩን ክዳን ሰረቋት። ከቁርጥራጭ ክምር ሌላ ክዳን ሰጠኋት፣ ትንሽ ሰፊ። ቤንዚኑ እየተፈናጠቀ ጫቱ ሸተተ፣ ገዢ እንትፍ አለ። ያኔ እኔው ነኝ ያዘዝኩት። ፌስታል አጥፈህ አፉ ላይ አድርግ፣ በጎማ ቁራጭ ጥፈረው፣ ክዳኑን በላዩ ግጠም። ጫት አሳሪ ያሰረውን አየር አያልፈውም ብዬ አሞገስኩት እንኳ።

አየር አያልፈውም።

ጀሪካንን አፉን ጠቅጥቀህ ሥሩን ብትበሳው ውሃው ጥቂት ይወርድና ቀጥ ይላል። ታንከሩም እንዲሁ፤ አየር ካልገባው ቦርደዴ እስክትደርስ ያወርድና ቤንዚኑን ይይዛል፣ ግማሽ ሰዓት ስትቆም ጥቂት አየር ሾልኮ ይገባና ይለቃል። ይህን የማያውቅ ውሃ ቀጂ የለም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እኔ አላወቅኩም።

ሥራ አለብኝ፣ ሂድ አልኩት። ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋልኝ።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ፣ ማታ 1

ራሴ ይዣት ወረድኩ፣ ብቻዬን። ታንከሯ ሙሉ ነበር፣ ሚኤሶን ስናልፍ ትበር ነበር። ቦርደዴ መታየት ሲጀምር ሳል፣ ሳል፣ ድርግም።

ወረድኩ። አዲሱም ሹፌር ያንኑ ፌስታል እየመለሰ ሲያስር ከርሟል። ክዳኑን አወጣሁ። ፌስታሉ ወደ ውስጥ ተመጥምጦ ጎድጉዷል። ጎማውን በቢላ በጠስኩት፣ ታንከሩ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ነካሁ። ተነሳች።

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፣ ጎማው ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። ከሁለት ግመልና ከአንድ የግራር ዛፍ በቀር ማንም የለም። እፍረቱ ቀለል አለኝ።

ክዳኑ ውስጥ ወፍራም ላስቲክ አበጀሁ፣ መሐሉን በሚስማር በሳሁት። አይፈስም፣ አይታፈንም። የአምስት ደቂቃ ሥራ። ፌስታሉን ጠቅልዬ ለነፋስ ሰጠሁት።

አ.ሐ. ምን ሆና ነው አለችኝ። ታንከሩ በነጭ ጋዝ ቆሽሾ ነበር፣ አጠብኩት አልኳት። መርቃኝ አልጠገበችም። ከምርጡ ጫት አንድ እስር ላከችልኝ። ቃምኩት። ጣፋጭ ነበር፣ ይኸው ነው እውነቱ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ፣ ከሰዓት 11

ከጁምዓ ስወጣ ከድርን አየሁት። ገበያው ዳር የማሽላ ጆንያ ይሸከማል። ፊቴን ላዞር ስል ጆንያውን አስቀምጦ ሮጦ መጣ፣ ሰላም አለኝ። እኔን! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሰድበኝ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። በአላህ ነው የምልህ፣ ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው። ነገ ጋራዤ ና፣ ሥራ አለ አልኩት።

ትከሻዬን ሳመኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ለልጅቱ አባት አሁኑኑ ሄዶ ሊነግራቸው ነው። ሌባ ብሆን ጋሽ ሙሜ ያስጠጋኝ ነበር ወይ ብሎ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሰሙ። ከአፍታ በኋላ አ.ሐ. ሳትቀር ደወለች፦ ያንን ሌባ ሰው ልታደርገው ነው አሉ፣ አጅር አለህ፣ አላህ ይከፍልሃል።

እንግዲህ ነገ ይጀምራል። ካርቡሬተር አፈታት አሳየዋለሁ፣ ኮይል አፈታተሽ አሳየዋለሁ፣ ልጁ እጅ አለው። ምንም አልደብቀውም።

የታንከር ክዳን ግን፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ጋራዤ ውስጥ እሱ አይከፍትም። እኔ ራሴ ነኝ የምከፍተው። ወስኛለሁ።