ሙት ዓመትህ እና የእነሱ እሁድ

ታዴ፣

ከሄድክ ዓመት ሊሞላህ ነው። ቤቱ ደህና ነው። መኪናህን ሸጥኩት። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርታባጋሊው፣ ሙሉ የጎልፍ ኳስ ነበር፤ ከነካርቶኑ ጣልኩት።

ጎልፍን በሕይወት ሳለህም እንቀው ነበር፤ አሁንም ንቄ አልጠገብኩም። ትልልቅ ሰዎች ትንሽ ኳስ ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት ግማሽ ቀን ይፈጃሉ፤ የዱላቸውን ከረጢት ሌላ ሰው ይሸከምላቸዋል። ያ ሌላ ሰው አንተ ነበርክ።

እራት ላይ የጎልፍን ታሪክ እንደ ገድል ታነብልን ነበር። ድሮ ተከፍሏቸው የሚጫወቱት የክለቡ ቤት እንዳይገቡ ሲከለከሉ፣ አንዱ ኩራተኛ መኪናውን በራቸው ላይ አቁሞ ልብሱን እዚያው እንደቀየረ። እዚህ አሜሪካ ጥቁር አይጫወትም የሚል ደንብ ተጽፎ እንደነበረ፣ ኋላም እንደተሰረዘ። በእያንዳንዱ «በር ተከፈተ» ትላለህ። አንተ እስከ መጨረሻው በወጥ ቤት በኩል ገባህ። ይህን ስልህ ትስቃለህ። ሳቅህ ይናፍቀኛል፤ መልስ ግን አልነበረም።

ሰሞኑን ከረጢት ስትሸከምበት የኖርከው ክለብ ደወለ። በውድድሩ መዝጊያ እሁድ ፎቶህን የታሪክ ግድግዳቸው ላይ ሊመርቁ ነው። እሁዱ ሙት ዓመትህ ነው። ሶስና «ማሚ፣ ሙት ዓመቱን ለሌላ ቀን ሪስኬጁል ብናደርገውስ? የዳዲ ድሪም እኮ ነው» አለችኝ። ያንተ ልጅ ናት። ለእሷ ስል አስቀድመን ሄደን አየነው።

ፎቶው ላይ አሸናፊው ዋንጫውን ይስማል፤ አንተ ከኋላው ከረጢቱን ታቅፈህ ትስቃለህ። ከሥሩ የሰውዬው ስም ከነአባቱ፣ የዱላው ፋብሪካ ስም ሳይቀር ተጽፏል። ያንተ የለም። ያስጎበኘን ሰው «ሁላችንም እንወደው ነበር» አለ። ሶስና ስምህን ጠየቀችው። ፈገግ እንዳለ ቀረ።

መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ወርውራ ዘጋችው። «ኦኬ ማሚ፣ ለቄሱ ደውዪላቸው። እሁድ ነው በያቸው» አለችኝ።

ስለዚህ እሁድ እነሱ ኳሳቸውን ይግፉ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን። ቄሱ በክርስትና ስምህ ይጠሩሃል። በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ አስጠራዋለሁ፤ ከእኔ በኋላ ሶስና አለች። የክርስትና ስምህን እሷም እንደማታውቀው የገባኝ ያን ዕለት ከክለቡ ስንመለስ ነው። ነገርኳት። ፌርፋክስ፣ ቤታችን እስክንደርስ እየነዳች ደጋገመችው፤ አሁን በቃሏ ይዛዋለች።

አልማዝ