የግራ ቦትሽ ዜና ዕረፍትና የጠፍጣፋዋ ዓሣ ጉዳይ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

ከሰላምታ ሐዘን ይቀድማልና ልብሽን ያዝ አድርገሽ አንብቢ። የግራ እግር ቦት ጫማሽ፣ ያቺ አረንጓዴዋ፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በደረሰባት ድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም ተለይታለች። ሥርዓተ ቀብሯም ወዳጅ ዘመድ ባልተገኘበት፣ ከጥቁሮቹ አለቶች ባሻገር ባለው ጥልቅ ውሃ ተፈጽሟል። ሟቿ ጎማዋ ያልተሰነጠቀ፣ ጠባይዋ የተመሰገነ፣ በሕይወት ዘመኗ ውሃ አስገብታ የማታውቅ ነበረች። ለቀኟ መጽናናትን እመኛለሁ።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንደምን ሰነበትሽ እቴ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ስፔን ወርዶ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ወዲህ ተሻለው ወይ? ባልሽ ሃልቮር ደህና ነው? በኔ ስም ሳሚልኝ። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ሰው ሲስቅ ምን ምን እንደሚያይ ስለማውቅ ሰላምታዬን የማቀርበው አፌን ዘግቼ ነው። እኔ፣ ዝናቡ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በጎቹ ከተራራ ወርደዋል፣ ድንቹ ተቆፍሯል፣ ድመቷ ካልጋሽ አልወርድ ብላለች። አንዳንዴ በርሽን ከፍቼ ስገባ ቀና ብላ ታየኝና እኔ መሆኔን ስታውቅ መልሳ ትተኛለች። ቅር ብሎኛል፤ ግን አልፈርድባትም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አጭር ነው። ፀሐይ ሰውን ቁጥብ ታደርጋለች መሰለኝ። «ታንኳዋ እዚያ ተገትራ ከምትበሰብስ ሽጫት፤ የባሕር ልብሱንም አብረሽ ስጪ፤ ገዢው ቦቶቹን ከፈለገም መርቂለት» ትያለሽ። ፕላስቲክ እንደማይበሰብስ አንቺም እኔም እናውቃለን። የልጅ ልጅ ቢኖረን ኖሮ የእነሱም የልጅ ልጆች ብርቱካንማ ቀለሟ ሳይደበዝዝ ይወርሷት ነበር። እሱስ ይሁን። ያልገባኝ የቦቶቹ ነገር ነው። ፈጣኗ ጀልባ ልትነሣ ስትል ከላይ ሆነሽ፣ አገር እየሰማ፣ «ቦቶቼን እንዳትነኪ! ለእነሱ ስል እመለሳለሁ!» ብለሽ አልነበረም? ምስክር አለኝ። ጎረቤታችን ኤይሊፍ አጠገቤ ነበር፤ ጆሮው ባይሰማም ከንፈር ያነባል። አሁን ደግሞ ይመረቁ። ለማንኛውም ከላይ በተገለጸው ሐዘን ምክንያት ትእዛዝሽን መፈጸም አልተቻለም። አንድ እግር ቦት ለሰው አይመረቅም።

የታንኳዋን ግን እሺ ብዬ ነበር። በትልቁ ጽፌ የመንደሩ ሱቅ በር ላይ ለጠፍኩ፦ «ለሽያጭ የቀረበች፣ በፔዳል የምትሄድ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ፣ ፍጹም እንከን የሌላት።» በማግስቱ የነዳጅ ማደያው ሲግቫርት መጣ። ዞሯት፣ በጣቱ አንኳኳት፣ እንደ ሐብሐብ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ እውነት እንከን የላትም ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«አላት እንጂ፤ ወደ ግራ ትጎትታለች» አልኩት።

«ታዲያ ማስታወቂያው?»

«ማስታወቂያው ሲጻፍ ቀጥ ትል ነበር።»

ሌላ ቀን ተመልሶ መጣ። ወንበሯ ሲጥ ሲጥ እያለ ዓሣ እንደሚያባርር ነገርኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ባለቤቷ የሞተባት ታንኳ ናት አልኩት። «እህትሽ ሞተች እንዴ?» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። «የለም፤ አገባች» አልኩት። ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ታንኳዋን ልትሸጫት ነው ልትድሪያት?» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ደግሞ፣ እንደምታውቂኝ፣ ሐቀኛ ነጋዴ ነኝ። ሞክሬ ያላየሁትን ዕቃ ለሰው አልሸጥም። ስለዚህ ልሞክራት ተነሣሁ። ስታመጫት «የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ባሕር የሚወጣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ያልኩሽን እንዳታነሺብኝ። የምናወራው ስለ ንግድ ነው።

ችግሩ የባሕር ልብስሽ ነው። ከጀርባ፣ ከትከሻ ትከሻ የሚዘጋ ልብስ የሠራ ሰው ብቻውን ኖሮ አያውቅም። ስንት ጠዋት እኔ ነኝ የዘጋሁልሽ! ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ትቆሚያለሽ፣ እኔ ዚፑን እያማረርኩ እስበዋለሁ፣ ሲዘጋ ጀርባሽን በመዳፌ ቸብ አድርጌ «ባዶ እጅሽን ግቢ!» እልሻለሁ። አንቺም ዞር ሳትዪ «ምላስሽ ይቆረጥ!» ትዪኛለሽ። ወደ ባሕር ለሚወጣ ሰው መልካም ዕድል የተመኘ ጠላት ነውና፣ እናታችንም አባታችንን ስትረግመው ነው የኖረችው፤ አንድ ቀን ሳትረግመው አልወጣም።

እና አሁን ማን ይዝጋኝ? በበሩ እጀታ ላይ ገመድ አስሬ ሞከርኩ፤ ልክ እንደ ታሰረ ፍየል ዞሬ ዞሬ ከበሩ ጋር ተጣበቅኩ። ሲያቅተኝ ኤይሊፍ ዘንድ ሄድኩና ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«ዝጋኝ።»

«ማን ከፈተሽ?»

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ደግሞ አጥርቶ ይሰማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ይዘጋኛል፤ መንደሩም ሁለታችንን ድሮ ጨርሷል። ሰርጉ መቼ እንደሆነ ገና አልነገሩንም። ኤይሊፍ እርግማኑንም ያውቅበታል፤ ዕድሜውን ሙሉ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። ብቻ ጀርባ ቸብ ማድረግ አይችልም። እንደ ፈረስ ይመታል።

ሙከራው ጥንቃቄ ስለሚጠይቅ በጋው እስኪያልቅ ቆየ። መጀመሪያ ላይ ማጥመጃ እንኳ አልያዝኩም። ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከጥቁሮቹ አለቶች አልፌ፣ አንቺ ትሄጅበት የነበረው፣ ሥሩ አሸዋ የሆነው ውሃ ላይ እንሳፈፋለሁ፤ ቤታችንን ከዚያ ሆኜ አያለሁ። ከባሕር ሲታይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አልነገርሽኝም ነበር። ወጥ ቤት የቀረ ሰው በመስኮቱ በኩል ወለል ብሎ እንደሚታይም አልነገርሽኝም። ስታውለበልቢ ለኔ ነበር ለካ። እኔ ትንኝ የምታባርሪ ይመስለኝ ነበር።

በኋላ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለሐሜት ይዳርጋል ብዬ ዘንግሽን ያዝኩ።

ያን ማክሰኞ ኤይሊፍ የጆሮ መሣሪያ ሊያስገጥም ከተማ ሄዶ ነበር። ዚፑን ከበሩ ጋር ታግዬ ዘጋሁት። መውጫው ላይ ግን ቆምኩ፤ የሚረግመኝ የለም። ዙሪያዬን አየሁና፣ በግም እንኳ አለመኖሩን አረጋግጬ፣ በራሴ ድምፅ «ባዶ እጅሽን ግቢ!» አልኩ። ከዚያ፣ አትሳቂብኝ፣ ባንቺ ድምፅ «ምላስሽ ይቆረጥ!» ብዬ መለስኩ። ድምፅሽ ደህና አድርጎ ይወጣልኛል። ጀርባዬን ግን መድረስ አልቻልኩም።

ማታለያ የጎማ ዓሣሽን እስከ ታች አወረድኩ፤ አሸዋውን ሲነካ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ። ያዘኝ። ምድርን ያጠመድኩ መሰለኝ፤ ይህ በቤተሰባችን አዲስ አይደለም። ከዚያ ምድር ተነሥታ ሄደች።

እቴ፣ ታንኳሽ ወደ ግራ አትጎትትም። ሲግቫርትን መዋሸቴ እዚያ ላይ ታወቀኝ። ቀጥ ብላ፣ አፍንጫዋን ውሃ እያስላሰች፣ እንደ ሙሽራ መኪና ወደ ክፍቱ ባሕር ወሰደችኝ። እኔ ፔዳሌን ወደ ኋላ ብረግጥ የሚሰማኝ የለም፤ ክሩ ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። ሲደክማት ትቆማለች፤ እየጎተትኩ አመጣታለሁ፤ እንደ ገና ትወርዳለች። ክንዴ የኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ከብዙ ወዲያና ወዲህ በኋላ ከሥሬ አንድ ነገር ወለል አለ። የጓዳችንን በር ታውቂው የለ? እሱን የሚያህል፣ ሁለት ዓይን ያለው በር። ሃሊበት፣ ያቺ ግዙፏ ጠፍጣፋ ዓሣ! ሁለቱም ዓይኖቿ ባንድ ጎን ናቸውና ስታይሽ ሙሉ በሙሉ ነው፤ እንደ ሌላው ዓሣ በጎን ታዝባሽ አታልፍም። አየችኝ፤ አንቺ እንዳልሆንኩ ያወቀች ይመስል ጅራቷን አንድ ጊዜ መትታ ተመልሳ ወረደች። ድመቷ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሆድ ባሰኝ። አሁን ብትበጥሰኝ ማን ያምነኛል? ብይዛትስ ለማን እነግራለሁ? የዚህችን ዓሣ ስም ባሕር ላይ መጥራት እንደማይገባ አባታችን አስተምሮናልና በሌላ ስም ልለምናት ፈለግኩ። አፌ ላይ የመጣው ያንቺ ነው። እየጎተትኩ «ነይ» አልኩ። «ነይ እንጂ። ምን አድርጌሽ ነው? እስቲ ነይ።» ብዙ አልኩ፤ ሁሉንም አልጽፈውም። ባሕሩ ጸጥ ያለ ስለነበር ሁሉም ተሰምቷል።

መጣች።

መንጠቆውን መንጋጋዋ ሥር አስገብቼ ጅራቷ ላይ ገመድ ሳጠልቅ ነው እንግዲህ ሟቿ የተሰዋችው። ግራ እግሬን ለሚዛን ወደ ውጭ አንጠልጥዬ ነበር፤ ጅራቷ ተነሥቶ ቅልጥሜን ሲለኝ ቦትሽ በአየር ላይ ሄደች፣ ውሃ ሞላች፣ ጣቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ተሰናበተችኝ። ቅልጥሜ እስካሁን ሐምራዊ ነው፤ ሃልቮር ጥርስ ብቻ ነው እንጂ የሚያክመው አሳየው ነበር። መተንፈሻ ስንጥቧን በቢላ ከፍቼ ደሟን አፈሰስኩና ከታንኳዋ ጎን አስሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሁለት የደከሙ አሮጊቶች ተደጋግፈን።

ከከተማ የምትመጣው ጀልባ ደርሳ ኤይሊፍ በአዲስ ጆሮው ወደቡ ላይ ቆሟል። በዚያ መሣሪያ መጀመሪያ የሰማው የኔን ጩኸት ነው። «ልቅሶ ነው ዘፈን?» አለኝ። መኩራራት ነውር ነውና፣ እንዲያው ትንሽ ነገር ይዤ ነው አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ። «ገንዳው ወለደ!» ብሎ ጮኸ። አገር ወጣ። ስናጋድማት ከኔ ስትረዝም ከሃልቮር ታንሳለች፤ በመልክ ግን ትበልጠዋለች። ሲግቫርት የማደያውን በር ሳይዘጋ ሮጦ መጣና ታንኳዋን አሁኑኑ ከነእንከኗ እገዛለሁ አለኝ። «ወንበሩ ሲጥ ይላል» አልኩት። «ይበል!» አለ። «ወደ ግራ ትጎትታለች» አልኩት። «እኔም ወደዚያው ነኝ!» አለ። ባለቤቷ ሳትፈቅድ አልሸጥም ብዬ መለስኩት። ባለቤቷ ስፔን አይደለች ወይ ቢለኝ፣ «ለጊዜው» አልኩት። ቃሉ ከአፌ አመለጠ፤ ሰው ሁሉ ሰማ፤ ኤይሊፍም በአዲሱ ጆሮው።

ሥጋዋን ለመንደሩ አካፍያለሁ። ለገና የሚሆነውን ወፍራሙን ክፍል፣ ጉንጯንም ጭምር፣ በረዶ ቤት አስቀምጫለሁ። ለሁለት ሰው ይበዛል፤ ለሦስት፣ ሃልቮር ከመጣም፣ ይበቃል። ጅራቷን በጨው አድርቄ ጀልባ ቤት ሰቅያታለሁ። ግድግዳው ላይ፣ አባታችን ካጠመዳቸው ዓሦች ጅራቶች ቀጥሎ፣ ቦታዋ ተለክቷል። ግን አልቸነከርኳትም። አንዱ ሲቸነክር አንዱ መሰላል ይይዛል፣ የቤታችን ወግ ነው። ኤይሊፍ ልያዝልሽ ብሎኝ ነበር። መሰላሉ ተይዟል አልኩት።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው፦ ንግድ አልሆነልኝም። ታንኳዋ መሸጧ የግድ ከሆነ መጥተሽ ራስሽ ሽጫት። ሲግቫርት ይጠብቃል፤ እኔም።

ባገራችን ደንብ መርቄሽ ልሰናበት፦ ነፋሱ ከፊት ይምታሽ፣ ክርሽ ይወሳሰብ፣ ዓሣ አይይሽ፣ ባዶ እጅሽን ግቢ። የመጨረሻዋን ግን እንደ ምርቃት አትገልብጫት፤ እንደተጻፈች ውሰጃት።

ጀርባሽን የምትዘጋው
ታናሽ እህትሽ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያና በዓሣዋም ታሪክ ውስጥ የግራ እግር ቦት ጫማ ባሕር ገብታ መቅረቷ መገለጹ ይታወሳል። ጉዳዩ እንደ ገና ተጣርቶ ጫማዋ የወደቀችው ታንኳዋ ወለል ላይ እንጂ ባሕር ውስጥ አለመሆኑ ተረጋግጧል። በአሁኑ ሰዓት ታጥባ፣ ደርቃ፣ በር ሥር ከቀኟ ጎን ቆማለች። ስለሆነም ቦቶቹ ጥንድ ስለሆኑ ለማንም አይመረቁም፤ ፈጣኗ ጀልባ ላይ ሆኖ የተሰጠው ቃልም እንደ ጸና ይቆያል።